ሁለቴ የተፈለገች ልጅ

ይህ ሰው አንድ ዓይነት ነገር ሁለት ሆኖ ካየ ደሙ ይፈላል። ቤቱ ውስጥ ሁለት የጣሳ መክፈቻ ከተገኘ አንደኛው ሳይመሽ ጎረቤት ቤት ይገባል። ሚስቱ ወዳ የገዛችውን ሁለተኛ መቀስ ለሰው ሰጥቶባት ሳምንት ሙሉ ተኳርፈዋል። "እግዜር ሁለት ጆሮ የሰጠህ ተሳስቶ ነው፤ በአንደኛውም ቢሆን አትሰማም" ትለዋለች ሲመራት። እሱ ይስቃል እንጂ አይታረምም። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹም ጠባዩን አይተው "መጥረጊያው" የሚል ስም አወጡለት። ይከፋዋል ብለው ነበር፤ እሱ ግን እንደ ሹመት ተቀበለው።

መሥሪያ ቤቱ ከትልቁ ጎርፍ በኋላ የተከፈተ ነው። ወንዙ በአንድ ማለዳ ድልድዩን፣ ገበያውንና የዳር ሰፈሮቹን ጠራርጎ ሲሄድ ሰው በሁለቱ ዳር ተበተነ፤ ሕፃናት ከወላጆቻቸው ተለያዩ። አዋቂውስ እንደ ምንም ብሎ ወገኑን ያፈላልጋል ተባለና ቢሮው የሚመዘግበው የጠፉ ሕፃናትን ብቻ ሆነ። ልጅ የጠፋበት ሰው በየመጠለያው ድንኳን ተሰልፎ ፎርም ያስሞላል። ከላይ የልጁ ነገር ይጻፋል፦ ስሙ፣ የቤት ስሙ፣ ዕድሜው፣ ሰፈሩ፣ ገላው ላይ ያለ ምልክት። ከታች የፈላጊው ስምና ስልክ ይቀመጣል። ከዚያ ሁሉም ተሰብስቦ ወደ ኮምፒውተር ይገባል። በየማሳደጊያው የተገኘ ልጅ ደግሞ በሌላ በኩል ይመዘገባል፤ ሁለቱ ሲገጥሙ ለፈላጊው ይደወላል። አሠራሩ ይኸው ነው፤ ክፋት የለበትም።

ችግሩ፣ የሰው ልጅ ሲጨንቀው አንድ ሰልፍ አይበቃውም። አባት አስመዝግቦ ሲመለስ እናት ሌላ ድንኳን ደጃፍ ተሰልፋ ትገኛለች። አክስት ትጨምራለች። ያው አባት በሳምንቱ "ምናልባት የበፊቱ ጠፍቶ እንደሆነ" ብሎ ይደግማል። እንዲህ እንዲህ እያለ መዝገቡ አበጠ፤ የጠፉት ሕፃናት ቁጥር ከተወለዱት ሊበልጥ ምንም አልቀረውም። ኃላፊዋ ለረጂ ድርጅቶች ሪፖርት ማቅረብ ነበረባትና መጥረጊያውን አስጠራችው።

"ወንድሜ፣ ይኼን ጉድ አጥራልኝ። እንዲህ እንደተዝረከረከ ይዤው ብሄድ መሳቂያ ነው የምሆነው" አለችው።

ለእሱማ ሠርግና ምላሽ ሆነለት። አሠራሩም ቀላል ነበር። በመጀመሪያ የሚመሳሰሉትን መዝገቦች ማሽኑ ጥንድ ጥንድ አድርጎ እንዲያወጣለት ያዘዋል። ቀጥሎ ጥንዱን በዓይኑ ያይና፣ የተጻፈው ስለ አንድ ልጅ ከሆነ አንዱን አስቀርቶ ሌላውን ያጠፋል። የሚቀረው ፈላጊው የራሱ ስልክ ያለው ነው፤ ልጁ ሲገኝ በዘበኛ ስልክ ደውሎ ሰው ጥሩልኝ ማለት ጣጣ ነዋ! የጠፋው መዝገብ ላይ የነበረው ፈላጊስ? እሱም ያው ቤተሰብ ነው። ለአባት ከተደወለ እናት ትሰማለች፣ ለእናት ከተደወለ አባት ይሰማል። ጤነኛ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያስበው።

አንድ ጥንድ ላይ ግን ቆም ብሎ ነበር። አንዲት የሦስት ዓመት ልጅ ናት፤ በሁለቱም መዝገብ ላይ የቤት ስሟ ድንቡሼ ተብሏል። በሁለቱም ላይ ክንዷ የካውያ ጠባሳ አለበት፤ አንዱ ግራ ክንዷ ሲል ሌላው ቀኝ ይላል። አንደኛዋ ፈላጊ እናት ናት፣ ከወንዙ ወዲህ ያለ መጠለያ ውስጥ፤ ስልኩ የዘበኛ። ሌላው አባት ነው፣ ከወንዙ ወዲያ፤ ስልኩ የራሱ። መጥረጊያው ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ፣ ለሁለቱም ደውዬ የትኛው ክንድ እንደሆነ ልጠይቅ ይሆን ብሎ አሰበ። ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበርና ግራውን አጠፋ፤ ቀኙ ቀረ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የእሱ የባሰ ነው፣ አፍሶ ሳይለቅም ምሳውን ሊበላ ሄደ። ምሳ ላይም ወሬ አድርጎ አመጣው። "እናትና አባት ተጋግዘው የልጃቸውን ግራና ቀኝ መለየት አቃታቸው" አለ። ጠረጴዛው በሳቅ አውካካ።

ሪፖርቱ አማረ። ኃላፊዋ በስብሰባ ላይ አስጨበጨበችለት።

ሦስት ዓመት አለፈ። ድንኳኖቹ ተነቀሉ፣ ድልድዩ ተሠራ፣ አንድ ፎቅ ሙሉ የነበረው ቢሮ ወደ ሁለት ክፍል ጠበበ። ከነበሩት ሠራተኞችም ኃላፊዋና መጥረጊያው ብቻ ቀሩ። አንድ ረፋድ ላይ አንዲት ሴት በሩን ገፋ አድርጋ ግማሽ አካሏን አስገብታ ቆመች። ጥቁር ሻርፕ አድርጋለች። ቀሚሷ ላይ እዚህም እዚያም የተጣበቀው የክር ቁራጭ ልብስ ሰፊ መሆኗን ያሳብቃል።

"ጋሼ፣ ላስቸግርህ ነው" አለች። "እስከ ዛሬ ያስመዘገብኩት ስልክ የመጠለያው ዘበኛ ነበር፤ እሱ ደግሞ ሥራ ለቀቀ። እንደ ምንም ብዬ የራሴን ገዛሁ። አዲሱን ቁጥር ጻፍልኝ ብዬ ነው። ድንገት ብትደውሉ እንዳታጡኝ።"

"ደግ አደረግሽ እህቴ፤ ቁጭ በይ። የምዝገባ ወረቀትሽን ይዘሻል?"

በላስቲክ የጠቀለለችውን ወረቀት ከቦርሳዋ አወጣች። ሦስት ዓመት በቦርሳ የኖረ ወረቀት አይመስልም፤ ጫፉ እንኳ አልታጠፈም። ቁጥሩን አስገባ። አልተገኘም አለው ማሽኑ። መነጽሩን ወልውሎ ደግሞ አስገባ። አልተገኘም።

"ምነው ጋሼ?"

"ምንም አይደል፤ አንዳንዴ ይለግማል። እስቲ የልጅሽን ስም ንገሪኝ።"

በስሟ ሲፈልግ አንድ መዝገብ ወጣ። የቤት ስም ድንቡሼ። ከጎኑ አረንጓዴ ምልክት አለ፦ ልጅቷ ተገኝታለች፣ ለቤተሰብ ተሰጥታለች፣ መዝገቡ ተዘግቷል። ፈላጊ፣ አባት። መጥረጊያው በመጀመሪያ ደስ አለው። እንኳን ደስ ያለሽ ሊላት አፉን ከፈተና ዓይኑ ጥቁሩ ሻርፕ ላይ ዐረፈ። ልጇ ከተገኘች ይኸን ያህል ጊዜ የሆናት ሴት ስልክ ቁጥር ለማስለወጥ ምን ልትሠራ መጣች?

"ባለቤትሽስ?" አላት።

"ውሃ በላው።" ብዙ ጊዜ ያለችው ነገር ስለሆነ ድምፅዋ አልተለወጠም። "ጣራ ላይ እንደቆመ ጣራው ይዞት ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጄን ግን ጎረቤታችን አቅፋት ስትሮጥ ነው ያየኋት። እሷ አለች። የትም ትሁን አለች።"

መቼም ጠንቃቃ ሰው ነው፤ መዝገቡን ከማጥራቱ በፊት የነበረውን ሙሉ ቅጂ በፍላሽ ገልብጦ መሳቢያው ውስጥ አስቀምጦ ነበር። አወጣው። ሰካው። የወረቀቷን ቁጥር ሲያስገባ ወዲያው ተከፈተ፤ ፈላጊ፣ እናት። ምልክት፣ ግራ ክንድ ላይ የካውያ ጠባሳ። የዚያን ቀን ምሳና ያ ሳቅ አንድ ላይ መጡበትና ክው አለ።

"ጠባሳዋ ግራ ክንዷ ላይ ነው?" አለ፤ ለምን እንደጠየቀ ራሱም አያውቅም።

"ግራ ነው። ስተኩስ ከኋላዬ መጥታ እኔው ነኝ ያቃጠልኳት፤ እንዴት ይጠፋኛል?" ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች። "ምነው? ተገኘች እንዴ?"

"እህቴ፣ ያንቺ መዝገብ እዚህ ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

"ተሳስተህ ነው?"

"አይ፣ ዐውቄ ነው። ልጅቷ ሁለት ጊዜ ተመዝግባ ነበር። ሁለት ከሆነ አንዱን እናጠፋለን።"

"እኔ እኮ ያስመዘገብኩት አንዴ ነው" አለች። "አንድ ቀን ነው የተሰለፍኩት። ሌላውን ደግሞ ማን..."

አልጨረሰችውም። የጠረጴዛውን ጠርዝ በሁለት እጇ ያዘችና ቀስ ብላ ጠየቀችው። "ከእኔ ሌላ እሷን የሚፈልግ ማን አለና?"

መጥረጊያው ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረላት። የባሏን ስም ከነአባቱ አነበበች። በጣቷ እየተከተለች ደግማ አነበበችው። ከዚያ ሳቀች፤ እንባዋ እየወረደ ሳቀች። "አለ? እሱ አለ? ልጄም?" ይህን እያለች ተነስታ ጠረጴዛውን ዞረችና እጁን ይዛ ሳመችው፤ መዝገቧን ያጠፋውን ያንኑ እጅ። ሊነጥቃት ቢሞክር አልለቅ አለችው። እንደዚያ ጊዜ አፍሮ አያውቅም፤ ሰድባው ቢሆን ይሻለው ነበር።

"ደውልላቸው! አሁኑኑ ደውል!"

የአባትየው ቁጥር መዝገቡ ላይ ነበር። ደወለ። ጥቂት ጠርቶ ተነሳ።

"ሃሎ፣ ማን ልበል?" የሴት ድምፅ ነው።

"ይቅርታ፣ የስልኩን ባለቤት ፈልጌ ነበር።"

"ባለቤቴን? ግቢ ውስጥ እየበየደ ነው፤ ቆይ ልጥራው።" ከድምፁ ኋላ አንዲት ልጅ፣ "እማዬ፣ ማነው?" ስትል ተሰማው።

ልብስ ሰፊዋ ከፊቱ ቆማ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። ከስልኩ የሚወጣው ድምፅ አይሰማትም። "ኔትወርክ አስቸገረኝ" ብሎ ዋሻትና ወደ ኮሪደሩ ወጣ።

በያጁ መጣ። መጥረጊያው ከየት እንደሚደውል ነገረው።

"ልጄን ከሰጣችሁኝ ቆየ እኮ" አለ ሰውየው። "ምን ጎደለ?"

"ስለ እናቷ ነው።"

"እናቷ ሞታለች። ከውሃው ሲያወጧት አይቻለሁ ያለ ሰው አለ።"

"ያ ሰው ያያት ሌላ ሴት ናት እንጂ እሷ አልሞተችም ወንድሜ። እዚህ እኔ ቢሮ ተቀምጣለች።"

ከወዲያ በኩል የነበረው የብረት ጩኸት ቆመ።  መጥረጊያው ስልኩ የተቋረጠ መስሎት "ሃሎ?" አለ።

"ልጄን ልወስድ የመጣሁ ዕለት አንተን ጠይቄህ ነበር" አለ በያጁ። "አንተ ነህ፤ በድምፅህ ዐወቅኩህ። ሰው በውሃ ሞተ ሲባል ልብ መች ያምናል? እናቷ በሕይወት ብትኖር መጀመሪያ የምትፈልገው ልጇን ነው አልኩ። ከእኔ ሌላ ይቺን ልጅ የፈለገ ሰው አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩህ። ምን አልከኝ?"

መጥረጊያው አስታወሰ። ሰውየው ልጅቷን ታቅፎ ከጠረጴዛው ማዶ ቆሞ ነበር። ያኔም ስክሪኑን አዙሮለት ነበር፤ በጸዳው መዝገብ ኮርቶ። "ይኸው፣ በዓይንህ እይ። ካንተ በቀር አንድም ሰው የለም" ብሎት ነበር።

"ያን ቀን ነው እናቷን የቀበርኳት" አለ በያጁ። "ዓመት ጠብቄ አገባሁ።"

መጥረጊያው ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ሰበብ ፈለገ። ኃላፊዋ ቸኩላ ነበር። ሥራው ብዙ ነበር። ሌላም ሰው ቢሆን እንዲሁ ያደርግ ነበር። ሁሉም እውነት ነው፤ አንዱም ግን ወደ ክፍሉ ይዞት የሚገባ ነገር አልሆነለትም። እዚህ ላይ እንኳ ልመስክርለት፤ ሲገባ ምንም ሳያስቀር ነገራት። በያጁ ማግባቱንም፣ በስልኩ የሰማውን "እማዬ"ም፣ ስክሪኑን አዙሮ የተናገረውንም።

ሴትየዋ ተቀመጠች። ሻርፗን አወለቀች፣ ጭኗ ላይ አጠፈችው፣ ፈታችው፣ ደግማ አጠፈችው።

"አንድ ስልክ" አለች በመጨረሻ። "አንተ ሰውዬ፣ አንድ ስልክ መደወል አቃተህ? ሰልፉ ላይ ቀኑን ሙሉ የቆምኩት፣ ቁጥሩን እየደጋገምኩ በቃሌ ያጠናሁት፣ ዘበኛው በተጠራ ቁጥር ደንግጬ መርፌ እጄን የወጋኝ፣ ለዚህ ነው? እኔ እኮ ለእነሱ ያለሁት እዚያ ወረቀት ላይ ብቻ ነበር!"

"ልክ ነሽ" አለ። 

ኃላፊዋ ነገሩን ስትሰማ ፊቷ ዐመድ መሰለ። በማግስቱም ማንኛውም ተመሳሳይ መዝገብ ከመጥፋቱ በፊት ለሁለቱም ፈላጊ ይደወል የሚል ትእዛዝ ፈርማ ግድግዳ ላይ ለጠፈች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። መጥረጊያው ግን የፍላሹን ቅጂ ከፍቶ፣ መዝገባቸውን ላጠፋባቸው ፈላጊዎች ከላይ ጀምሮ በየተራ መደወል ያዘ። አብዛኛው ቁጥር አይሠራም።

ሴትየዋ ቢሮ የመጣች ዕለት ማታ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ሲያጫውታት እንደ ወትሮዋ አልቀለደችበትም። ሰምታ ሰምታ፣ "የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም" አለች። "ይልቅ ያቺን ሴትዮ ብቻዋን እንዳትልካት። አብረሃት ሂድ። ከደበደቡህም ተደብድበህ ና።"

አብሯት ሄደ። በያጁ የሚኖርበት ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። አውቶቡሱ ውስጥ ልብስ ሰፊዋ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ ውጭ ውጭውን ታይ ነበር። መንገዱ ሲጋመስ ግን ከቦርሳዋ አንድ ቀሚስ አወጣች። ቢጫ፣ ደረቱ ላይ በእጅ የተሠራ ጥልፍ ያለበት።

"በየዓመቱ አንድ እሰፋላት ነበር፤ ይኼ የዘንድሮው ነው" አለችው። "ወገቡን ሰፋ አድርጌዋለሁ። እሷ መቼም ሥጋዋ ቶሎ ነው የሚሞላው።" ቀሚሱን መልሳ አጣጠፈችና፣ "ልጄን ይዤ ነው የምመለሰው" አለች። "እሱ ያገባ፤ ጥፋቱ አይደለም፣ አልፈርድበትም። ልጄን ግን ይዤ ነው የምመለሰው።"

"መብትሽ ነው" አለ መጥረጊያው። ፍርድ ቤት መሄድ ቢያስፈልግም እንደሚመሰክር ነገራት። እውነቱን ነበር፤ ይህ ቢሆንለት ከጥፋቱ ግማሹ የሚሰረዝለት ይመስለው ነበር።

ግቢው በብረት በሮች የተሞላ ነው፤ ገና ያልተቀቡ፣ ግድግዳ ተደግፈው የቆሙ። በያጁ በሩ ላይ ይጠብቃቸው ነበር፤ ታጥቦ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። ልብስ ሰፊዋን ሲያይ እግሯ ላይ ወደቀ። እሷም አብራው መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ፊቱን በመዳፏ እየዳበሰች፣ "ጣራው ይዞህ ሄደ እኮ፤ በዓይኔ አየሁ እኮ" ትለዋለች። ሁለቱ እንደዚያ ሲላቀሱ መጥረጊያው ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጥቶ ያልተቀባ በር ላይ የብየዳውን መስመር ሲቆጥር ቆየ።

የአሁኗ ሚስት ከቤቱ ደፍ አልወረደችም። ነፍሰ ጡር ናት፤ ወሯ የገባ ይመስላል። ወደ ውስጥ አስገባቻቸው፣ ወንበር አቀረበች፣ ሻይ ቀዳች፣ ግማሹ ሳህኑ ላይ ፈሰሰ። ከዚያ ልብስ ሰፊዋ ፊት ቆመች።

"ልጅቷ ያንቺ ናት" አለች። "እኔ እናት የላትም ተብዬ ነው እንጂ... ብትወስጃትም..."  ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"ከትምህርት ቤት ስትመጣ እውነቱን እንነግራታለን" አለ በያጁ። "እናትሽ ይቺ ናት እንላታለን።"

ልብስ ሰፊዋ ክፍሉን እያየች ነበር። ጥግ ላይ ትንሽ አልጋ አለች፤ ከበላይዋ ግድግዳው ላይ በከለር የተሳሉ ሥዕሎች ተለጥፈዋል። ሁሉም ሥዕል ላይ አባት አለ፣ በር አለ፣ ሆዷ የገፋ ሴት አለች። ከወንበሩ መደገፊያ ላይ ደግሞ የልጅ የደንብ ልብስ ተሰቅሏል፤ የነገ መለወጫ መሆን አለበት። አንስታ ገለበጠችው፣ ልብስ ሰፊ ነችና። ልጅቷ ስታድግ ጠርዙ ተፈትቶ ዝቅ ብሏል። በእጅ ነው የተሰፋው፤ መስመሩ ጠማማ ነው፣ መስፋት የማትችል ሴት ሥራ ነው። ግን ስፌቱ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ክሩም ድርብ። ጠርዙን ከዳር እስከ ዳር በጣቷ ሄደችበት። ከዚያ ወገቡን በስንዝሯ ለካችው። በጣም ጠባብ ነው። ቦርሳዋን በእግሯ ወደ ወንበሩ ሥር ገፋ አደረገችው።

በሩ ተበርግዶ ልጅቷ ገባች። ድንቡሼ የሚለው ስም ያኔ የት ቀርቶ እንደሆነ እንጃ፤ ቀጭን፣ እግረ ረጅም ልጅ ሆናለች። እንግዶቹን ስታይ ደንግጣ እየሮጠች ከነፍሰ ጡሯ ቀሚስ ኋላ ተሸጎጠች፤ በአንድ ዓይኗ ብቻ ታያለች። ሴትየዋም ሳታስበው እጇን ወደ ኋላ ልካ ፀጉሯን ዳበሰቻት።

"ነይ ልጄ" አለ በያጁ። "ይቺ ሴትዮ... ይቺ..." 

"አክስትሽ ነኝ" አለች ልብስ ሰፊዋ።

መጥረጊያው ብድግ አለ። "እህቴ፣ እንዲህማ አይሆንም፤ አንቺ እኮ..."

"አንተ ተቀመጥ" አለችው፤ ሳታየው። ተቀመጠ።

ልጅቷ ወጣ ብላ ቆመች። "የማን እህት? የአባዬ ወይስ የእማዬ?"

"የእናትሽ።"

"እማዬ ግን እህት የለኝም ብላኝ ነበር" አለች ልጅቷ፤ ነገር ማጣራት የምትወድ ልጅ ናት። ቀና ብላ ነፍሰ ጡሯን አየቻት። "አላልሽኝም?"

ነፍሰ ጡሯ ልብስ ሰፊዋን አየች። ልብስ ሰፊዋ በዓይኗ ለመነቻት።

"ጠፍታ ነበር" አለች ሴትየዋ፣ እንባዋን በአይበሉባዋ እየጠረገች። "በጎርፉ ጊዜ ጠፍታ። አሁን ነው የተገኘችው።"

ልጅቷ ይህ ገባት። እሷም ጠፍታ እንደተገኘች ተነግሯታል፤ በቤቱ ውስጥ የታወቀ ታሪክ ነው። ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ሄዳ በሁለት ጉንጯ ሳመቻት፤ ልብስ ሰፊዋም አቀፈቻት፣ እንደ አክስት፣ ብዙ ሳታቆይ ለቀቀቻት። ከዚያ ልጅቷ ዞር ዞር ብላ ክፍሉ ውስጥ የማታውቀውን የቀረ ሰው ፈለገች።

"አንተ ነህ ያገኘሃት?" አለችው መጥረጊያውን።

አዎ ሊላት አልቻለም። አይደለሁም ሊላትም አልቻለም። ልጅቷ መልሱን አልጠበቀችም፤ ቀርባ እጇን ዘረጋችለትና በደንብ እንዳደገ ልጅ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ "እናመሰግናለን" አለችው።